ክራንቤሪ እንደ ኮሶ

ዝናቡ ሐምሌ አጋማሽ ላይ መጣ። ነሐሴ ሳያልቅ ሄደ። ባቄላው አበባው ላይ ደረቀ። ጤፉ እንደምንም ቆመ፤ እሱንም ጥቅምት ላይ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ አጋደመው። አንዲት ላም ሞተች። የኡበይድ ሚስት ሳጂዳ ሽንቷን እያቃጠላት ተኛች፤ በዓመት ውስጥ ሲይዛት ይህ ሦስተኛው ነው።

ኡበይድ ከሐይቁ ዳር ካለችው ቁራጭ ማሳው ላይ ቆሞ ደመናውን አየ። ጤፉ ቶሎ ካልታጨደ እንደተጋደመ ይበቅላል። አጫጅ ደግሞ የለም፤ መንደሩ ሁሉ የራሱ ጤፍ ተጋድሞበታል።

በዚህ መሃል ሙዘይን ከተፍ አለ። ከጅዳ ከተመለሰ ሁለት ወሩ ነው፤ እስካሁን ልብሱ ላይ ጭቃ አልታየም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ኡበይድ በወንፈል ሁለት ቀን ሙሉ ጤፉን አጭዶለት ነበር። ተራው የኡበይድ ሲሆን ሙዘይን አውሮፕላን ላይ ነበር። ወንፈል ደግሞ በሌላ ነገር አይመለስም። ጉልበት በጉልበት፣ ቀን በቀን ነው።

«አያ ኡበይድ፣ ለእትዬ ሳጂዳ መድኃኒት ይዤ መጣሁ» አለ፤ ቀይ ጭማቂ የሞላበት ትልቅ ጠርሙስ እያወጣ። «ክራንቤሪ ይባላል። አሜሪካ ረግረግ ላይ የሚበቅል ፍሬ ነው።»

«አጋም ነዋ!»

«ወላሂ አጋም አይደለም! አጋምን ፍየልም ይበላዋል። ይሄን ሳይንስ አጥንቶታል። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ጀርሙ ፊኛ ላይ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ለልብ ይሆናል፤ ለጥርስ፣ ለጨጓራ፣ ለደም ሥር...»

«ጤፍስ ያጭዳል?»

ሙዘይን አንገቱን አከከ። «ያ የድሮው ነገር እንግዲህ... በዚህ ይታለፍ ብዬ ነው።»

ኡበይድ ጠርሙሱን አገላብጦ አየው። የሁለት ቀን ወንፈል ተጨምቆ እዚህ ውስጥ ገብቷል። ጅዳ ለሰው ብዙ ጥበብ ያስተምራል።

ሙዘይን በቀን አንድ ብርጭቆ ብሎ ነበር። ኡበይድ ግን መድኃኒት አጠጣጥ ከሙዘይን አይማርም። እሱ የሚያውቀው ኮሶን ነው፦ ጎህ ሲቀድ፣ በባዶ ሆድ፣ ባንድ ትንፋሽ። በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ማቅመስ በሽታን እንግዳ አድርጎ መቀበል ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሳጂዳ ጠርሙሱን ባንድ ትንፋሽ ጨርሳ ፊቷን አጨማደደች። «አንተ፣ ሰውየው ይሄን ያመጣው ለእኔ ነው ወይስ ዝገት ለማስለቀቅ?»

«ዝም ብለሽ ጠብቂ። ይጠርግሻል።»

ጠረጋት። በሽታውን ግን አልነካውም። እኩለ ቀን ላይ ትኩሳት ለቀቀባት፤ ጎኗን ቀስፎ ያዛት፤ ተንቀጠቀጠች። ኡበይድ ጤፉንም ደመናውንም ትቶ ባጃጅ ጠራ። ሙዘይን በሩ ላይ አገኘው።

«እንዴት ሆነች? ጠጣችው?»

«ሁሉንም። ልቧ ደህና ነው፤ ጥርሷም አልተነቃነቀም። ስለምትንቀጠቀጥ ብቻ ጤና ጣቢያ ልወስዳት ነው።»

ሙዘይን ፊቱ ጠቆረ። «ጤፉስ?»

«ለሱም ክራንቤሪ አጠጣልኝ።»

ጤና ጣቢያ ነርሷ ጸዳለ የሳጂዳን ሽንት አስመረመረች፤ ኡበይድ ለማስረጃ ይዞት የመጣውን ባዶ ጠርሙስም አነበበች።

«አባባ፣ ይሄ መጥፎ ነገር አይደለም። ለሚመላለስባቸው አንዳንድ ሴቶች ተመልሶ እንዳይዛቸው ሊረዳ ይችላል። አንዴ ከያዘ በኋላ ግን አያድንም። ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊቷ እየወጣ ነው፤ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል። ለመሆኑ ባንዴ ያስጨረሳት ማነው?»

ኡበይድ ጣሪያውን አየ።

«ሐኪሜ አጠገብሽ ቆሟል» አለች ሳጂዳ።

ሁለት ቀን ተኝታ መርፌ ተወጋች። ትኩሳቱ ለቀቃት። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ፣ ላስቲክ ለብሶ ጠበቃቸው። ክምሩ ወደ ሐይቁ ዘመም ብሏል። ሙዘይን ሥሩ ተቀምጦ መዳፉን እፍ እፍ ይላል።

«እትዬ ሳጂዳ ተሻለሽ? ክራንቤሪው ትንሽም አልረዳ?»

«ረድቷል እንጂ» አለች ሳጂዳ። «አንተን ማሳ አስገባህ።»

ኡበይድ ክምሩን ዞሮ አየው። የዘመመውንም አየ። ከዚያ የሙዘይንን የተላጠ እጅ ያዘ።

«ሁለት ቀን ነበር፤ ሁለት ቀን ሆነ። ወንፈሌን መልሰሃል።»