ስሚዝ የተባሉት ሁለቱ

ኢድዋል ፕሮሰር ቂም መያዝ ያውቅበታል። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ለብራክሾ ከተማ ራግቢ ቡድን ዐሥር ዓመት ተጫውቷል፣ አሁን ደግሞ ያሠለጥነዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ተቀዷል፣ አፍንጫው ሦስት ጊዜ ተሰብሯል፣ እሱ ግን ለሰባሪዎቹ በሙሉ ቢራ ገዝቶላቸዋል። ሆዱ ያልራራለት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ኤልዊን ቤይነን።

ሁለቱ ዌልስ ውስጥ ክዊም ሄስግ በምትባል የከሰል መንደር አብረው ያደጉ፣ በአንድ ጉድጓድ የቆፈሩ፣ በአንድ ክለብ የተጫወቱ ጓደኛሞች ነበሩ። የዌልሱ ራግቢ ዐሥራ አምስት ሰው የሚሰለፍበት ነው፤ ሳንቲም አይከፈልበትም፣ ክብር ነው ይላሉ። የሰሜን እንግሊዙ ደግሞ ዐሥራ ሦስት ነው፣ ይከፈልበታል። ታዲያ ለገንዘብ ብሎ ሰሜን የሄደ ዌልሳዊ ዕድሜ ልኩን ይታገዳል። ከጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ክለቡ ገብቶ ከገዛ አባቱ ጋር አንድ ብርጭቆ ቢራ መጠጣት እንኳ አይችልም። ሰው ገድሎ ታስሮ የተፈታ ይገባል፣ ሰሜን የሄደ አይገባም። ስለዚህ ልጆቹ መጀመሪያ በስውር ይሄዳሉ። «ስሚዝ» ተብለው አንድ የሙከራ ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ዋጋቸውን ይሰማሉ፣ ካልጣማቸው ማንም ሳያውቅ ይመለሳሉ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በስድስተኛው ዓመት ኢድዋልም ስሚዝ ሆኖ ብራክሾ ላይ ተጫወተ። መሄዱን የሚያውቀው ኤልዊን ብቻ ነበር፤ የቅዳሜ ፈረቃውን የሠራለት እሱ ነው። ለብሔራዊ ቡድን ሊጠራ ጥቂት ቀርቶት ስለነበር የሰሜኖቹን ዋጋ እምቢ ብሎ ተመለሰ። ማክሰኞ ጠዋት ጋዜጣው ስሙን ከነመንደሩ አወጣው። በቃ፣ ታገደ። ማታውኑ ክለቡ በር ላይ ቆመና፣ መግባት አይችልማ፣ «ኤልዊን ቤይነን ሸጠኝ! ቦታዬን ፈልጎ ሸጠኝ!» ብሎ ጮኸ። በከሰል መንደር ጆሮ ጠቢ ከመባል ሞት ይሻላል። ኤልዊን ምሎ ተገዝቶ ነበር፣ ግን ማን ሰምቶት! ዐሥር ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጦ የሚጠጣ ሰው ጠፋ። ኢድዋልም ምርጫ አልነበረውምና ብራክሾ በቆረጠለት ዋጋ ፈርሞ ሄደ።

ይህ ሁሉ ከሆነ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ብራክሾ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ፣ ከተማው ውስጥ ኢድዋልን ያየ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። እንዲያ ሆኖ ሳለ ነው እግዜር አንድ ሌላ ስሚዝ የላከለት።

ልጁ የሃያ ሦስት ዓመት መምህር ነው። እግሩ ቀላል፣ ትከሻው ሰፊ። ከተቀያሪዎቹ ጋር ተሰልፎ ተጋጣሚዎቹን ሲያተራምስ ኢድዋል ከወንበሩ ሁለት ጊዜ ተነሣ። ከጨዋታው በኋላ ሻይ ይዞ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባ።

«እውነተኛ ስምህ ማነው አንተ?»

«ሄቪን ማዶክ። የክዊም ሄስግ ልጅ ነኝ፣ ሚስተር ፕሮሰር።»

ኢድዋል ሻዩ ሊያንቀው ምንም አልቀረው። «መምጣትህን ማን ያውቃል?»

«ሚስቴና ኤልዊን ቤይነን። ከዐሥር ዓመቴ ጀምሮ ያሠለጠነኝ እሱ ነው። 'ሂድና በዓይንህ አይተህ ወስን፣ ከኔ አፍ አይወጣም' ብሎኛል።»

«ኤልዊን? ከአፉ አይወጣም? ኧረ ተወኝ እባክህ!» ሳቀ ኢድዋል፤ ሳቁ ግን ክፉ ሳቅ ነው።

«የመንደሩን ወሬ ሰምቻለሁ። እሱ ግን ስለ እርስዎ ክፉ ሲናገር አልሰማሁም» አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አለ ኢድዋል በሆዱ። ሄቪን ዋጋውን ሰማ፣ አመሰገነ፣ ሚስቴን ላማክር ብሎ በእሑዱ ባቡር ተመለሰ። ሚስቱ እርጉዝ ናት፣ በሚቀጥለው ወር ለብሔራዊ ቡድን ሊጠራም ይችላል። እንግዲህ የሚመጣ አይመስልም።

ሰኞ የቡድኑ ሊቀመንበር ሆልሮይድ አስጠራው። ሆልሮይድ ፓይ የሚባለውን በሥጋ የተሞላ ዳቦ የሚጋግረውን ፋብሪካም ቡድኑንም ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው፤ ለሁለቱም የሚናገረው በአንድ ቋንቋ ነው።

«ልጁ እስከ ዐርብ ካልፈረመ ቅዳሜ ሌላ አሠልጣኝ ይኖረናል።»

«እያሰበ ነው፣ ሚስተር ሆልሮይድ።»

«ያስብ! ማሰብ ደግ ነው። ግን መመለሻ ያለው ሰው ሲያስብ ይከርማል፣ ዋጋውም ይወደዳል።» ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገለት። «እዚያ ዌልስ፣ ካርዲፍ ከተማ ውስጥ የምታውቀው ጋዜጠኛ አይጠፋም መቼም። እኔ ፓዮቼን አይቼ ልምጣ።» ብሎት ወጣ።

ኢድዋል ከስልኩ ጋር ብቻውን ቀረ። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ደረጃ አያስወጣውም፣ የሚኖርበት ቤት የቡድኑ ነው። ከተባረረ ሚስቱን ዶሪንን ይዞ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ክዊም ሄስግ? በየትኛው ፊቱ! ደግሞስ እኔም ደርሶብኝ የለ እንዴ፣ ሞትኩ? ሰው ሆንኩ እንጂ፣ አለ። መቼም ሰው ክፉ ሊሠራ ሲነሣ ምክንያት አያጣም። ደወለ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

ረቡዕ ጋዜጣው ላይ ወጣ። «ስሚዝ ማን ነው?» ይላል ርእሱ፤ ከሥሩ የሄቪን ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር እገዳው። ሆልሮይድ ጋዜጣውን ዘርግቶ ዊስኪ ቀዳ።

«አባቴ በሕይወት ቢኖር ትከሻህን መታ መታ ያደርግህ ነበር።»

«ለምን?»

«ለምን ይላል እንዴ! አንተንስ ያመጣንህ እንዴት ሆነና? እምቢ ብለህ የሄድክ ጊዜ፣ ሰኞ ጠዋት ነው፣ አባቴ በዚህችው ስልክ ለጋዜጣው ደወለ። እኔ እዚህ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር።» የኢድዋልን ፊት አየና ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ምነው? አታውቅም ነበር? እኔ እኮ የምታውቅ መስሎኝ!»

ኢድዋል እንዴት ወደ ቤቱ እንደሄደ አያስታውስም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሃያ ሦስት ዓመት የያዘውን ነገር በአንድ ጉንጭ ዊስኪ አስጣሉት። ያ በር ላይ ቆሞ የጮኸው ጩኸት ጆሮው ላይ ጮኸበት። ፈረቃውን የሠራለትን ሰው፣ ወንድሙን፣ በቁሙ ቀብሮታል። እስከ ንጋት ሲገላበጥ አደረና ለኤልዊን ደብዳቤ እጽፋለሁ ብሎ ወሰነ። ከልቡ ነበር።

ሐሙስ ግን ሄቪን ሻንጣውን ይዞ መጣ። ዓይኑ ደም ለብሷል። ሆልሮይድ መጀመሪያ ከተባለው ዋጋ ግማሹን የያዘውን ውል ዘረጋለት፤ ልጁም አልተከራከረም። እስክሪብቶውን አንሥቶ ወደ ኢድዋል ዞረ።

«ኤልዊን ነው። ሚስቴ አልተናገረች፣ እኔ አልተናገርኩ። ሌላ ማን ያውቅ ነበር? መንደሩ 'አንዴ የለመደ ነው' እያለ ነው። እርስዎንም የሸጠ እሱ አይደል?»

ኢድዋል አፉን ከፈተ። ሆልሮይድ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያፏጫል። ይኸው፣ ያውልህ፣ ተናገር እንጂ አንተ ሰውዬ! ኢድዋል አፉን መልሶ ዘጋ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብሎ ራሱን አጽናና፤ ልጁም ፈረመ።

ቅዳሜ ብራክሾ አሸነፈ። ሄቪን ኳሷን ሁለት ጊዜ ከመስመሩ ጀርባ አሳርፎ ነጥብ አስቆጠረ፣ ሕዝቡም የኢድዋልን ስም ጠርቶ ዘፈነ። እሑድ ምሳ ላይ ዶሪን የበግ ጥብሱን እየቆረጠች ስልኩ ጮኸ።

«ኢድዋል? ኤልዊን ነኝ።»

ድምፁ በከሰል አቧራ ተበልቶ የሽማግሌ ሆኗል፤ ኢድዋል ግን ወዲያው ለየው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መስኮቴን ሰበሩት» አለ ኤልዊን። «ወጣቶቹንም ከእንግዲህ አታሠለጥንም ብለውኛል። ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ሄቪን ግን… ልጅ የለኝም፣ ታውቃለህ። እሱ ነበር ልጄ። ሊሰናበተኝ እንኳ አልመጣም።»

«ምን ላድርግልህ?»

«ንገረው። እኔ ብምል ማንም አይሰማኝም። አንተ ብትለው ግን ያምናል። መጀመሪያ የከሰስከኝ አንተ ነህና፣ አንተ 'እሱ አይደለም' ካልክ ነገሩ ያበቃል። የድሮውን አላነሣብህም። ይህችን ብቻ።»

«አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ» አለ ኢድዋል። ድሮም ዘንድሮም ማለቱ ነው፤ ቃሉ አምልጦት ወጣ።

ኤልዊን ቃሉን ያዘው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረቡዕ።»

«ከረቡዕ» አለ ኤልዊን። «እኔ ከሃያ ሦስት ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ።» ሳለ፣ ብዙ ሳለ። «ለልጁ ንገረው፣ ኢድዋል።»

«እነግረዋለሁ። በእናቴ አጥንት እነግረዋለሁ።»

ማክሰኞ ልምምድ ላይ ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ በጭቃ አድርጎታል። ኢድዋል ሄቪንን ወደ ጥግ ጠራው። የሚናገረውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና አድሯል።

«ኤልዊን ደውሎልኝ ነበር።»

ልጁ አላስጨረሰውም። «ምን ብሎ? አልሸጥኩትም ሊል? ስሙኝ አሠልጣኝ፣ እሱ ባይሆን፣ ማን እንደሆነ ባላውቅ ኖሮ አንድ ቀን አላድርም ነበር። እዚህ ያለ ሰው ቢሆን ሻንጣዬን አንሥቼ ዛሬውኑ እሄዳለሁ። ለሸጠኝ ሰው አልጫወትም።»

ሆልሮይድ ከተመልካቹ ወንበር ላይ ጥላውን እንደያዘ እጁን አነሣላቸው። ኢድዋል ቆመ። ኤልዊን አይደለም ቢል ታዲያ ማን ነው መባሉ አይቀርም፤ ለዚያ ጥያቄ ደግሞ ያለው መልስ አንድ ነው። ቤቱን አሰበ፣ ዶሪንን አሰበ፣ ቅዳሜ የዘፈነለትን ሕዝብ አሰበ። የኤልዊንን ሳልም አሰበ፤ አላሰበም አንልም።

«ይቅርታ አድርግልኝ በለው ብሏል» አለ።

ሄቪን ጭቃው ላይ ተፋ። «አላደርግለትም።»

«ጊዜ ስጠው» አለ ኢድዋል፣ ከዚያ ፊሽካውን ነፋ፣ ልጆቹም ሜዳውን መዞር ጀመሩ።