ጥቁሩ ሽፋን

"መጀመሪያ እጅህን ታጠብ" አለ ኤልውድ ፕሩዊት፣ ቡናማውን ፖስታ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወደ ደረቱ እያስጠጋ።

"ታጥቤያለሁ እኮ።"

"ከታጠብክ በኋላ ዶናት በልተሃል። ስኳሩ ጢምህ ላይ አለ።"

ራስል ኦበርማየር ጢሙን ዳበሰ፣ ጣቱን አየ፣ ከዚያም እየተነጫነጨ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደ። ከሲንሲናቲ ድረስ መኪና ነድቶ የመጣ፣ በኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል በሚተረኩ መጽሔቶች ንግድ ያረጀ ሰው ነው። እንደ ሕፃን ልጅ እጅህን ታጠብ መባሉ ግን አላስቀየመውም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ቢባል የሚቀየም የለም።

አዳራሹ ዴይተን ከተማ ዳር፣ አውራ ጎዳናው አጠገብ ካለ ሆቴል ውስጥ ነው። በወር አንድ እሑድ የአካባቢው ኮሚክ ሰብሳቢዎች ይገናኙበታል። ሚስቶቻቸው ሳሎን ውስጥ ዕቃ ጥለው ሄዱ ብለው የሚነጫነጩባቸው ወንዶች፣ እዚህ ሲደርሱ አንድ መጽሔት በሁለት ጣት እንደ አራስ ልጅ ያነሳሉ።

ኤልውድ ዛሬ አንድ መጽሔት ሊሸጥ ነው የመጣው። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ሌላው ሁሉ ለወጉ ነው። መጽሔቱ በ1985 የታተመው "የጭጋግ ዘብ" የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ሽፋኑ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሆኖ፣ ታች ጥግ ላይ ብቻ መብራት የበራባት አንዲት መስኮት ተስላለች። ጥቁር ሽፋን ደግሞ ምሕረት አያውቅም። በሌላ ቀለም ላይ ልብ የማይባል ጭረት እዚህ ላይ እንደ ኖራ ያበራል። ለዚህ ነው ንጹሕ ሆኖ የተረፈው ከስንት አንድ የሆነው። የኤልውድ ቅጂ ያሉባት ሁለት የአሸዋ ቅንጣት የሚያክሉ ነጭ ነጥቦች፣ እነሱም ጀርባዋ ላይ፣ ገጾቿን ከሚይዙት ስፒሎች ከላይኛው ሥር ብቻ ነበሩ። በገዛት ዕለት ላስቲክ አለበሳት፣ ካርቶን ደገፋት፣ ፖስታ ውስጥ ከተታትና የቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀላት። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አላያትም። መጽሔት በታየ ቁጥር ያረጃል ብሎ ያምናል።

ያን ጊዜ የራሱ የኮሚክ ሱቅ ነበረው። ኪራዩ ሲያይልበት ዘጋውና ጎማ መጋዘን ውስጥ ተቀጠረ። አሁን ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ወገቡ ከመጋዘኑ ሊያሰናብተው ደርሷል። ሊንደን ጎዳና ላይ ጥግ ያለችው ቤት ስትለቀቅ፣ ሱቁን ዳግም ሊከፍትባት አከራዩን ለመነና እስከ ነገ ጠዋት እንድትጠበቅለት አደረገ። የራስል ገንዘብ ለቅድሚያ ኪራዩም ለመደርደሪያውም ይበቃል። ከዚህ በኋላ ጎማ እንደማይሸከም ለራሱ ነግሮታል፤ ሚስቱ ቨርና ደግሞ የመስኮቱን ልክ ወስዳ መጋረጃ እየሰፋች ነው።

ራስል ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ተመለሰ። "የሆቴሉን የእጅ ማድረቂያ ወረቀት ጨርሼላቸዋለሁ። አሁን አሳየኝ።"

ኤልውድ መጽሔቱን ከፖስታው፣ ከዚያም ከላስቲኩ ቀስ ብሎ አወጣና ከመብራቱ ሥር ያዘው። "ቀድሜ ልንገርህ፤ ሁለት ነጭ ነጥብ አለው። እዚህ ጋ፣ ከስፒሉ ሥር።"

ራስል አጎነበሰ። "የት ጋ?"

"እዚህ..." አለ ኤልውድ። ጣቱ የጠቆመበት ቦታ ላይ ምንም የለም።

"አንተ ሰውዬ፣ አርጅተሃል። ምንም የለበትም።" የራስል ፊት በራ። "ሰው ዕቃውን ሲያሞግስ እንጂ ሲያማ አይቼ አላውቅም። በቃ፣ ገንዘቡ መኪናው ውስጥ ነው፤ መጣሁ።" በሰዎቹ መካከል እየተጋፋ ወደ በሩ ገሰገሰ።

ኤልውድ አጉሊ መነጽሩን አወጣ። ነጥቦቹ በነበሩበት ቦታ ጥቁሩ ከሌላው ጥቁር ይለያል፤ ጠቆር ብሎ ያብለጨልጫል። ሽፋኑን በትንሹ ገለጥ አድርጎ ከውስጥ በኩል ሲያይ፣ ነጩ ወረቀት ላይ ሰማያዊ የሚመስል ጥላ ሰርጎ ደርቋል። አንድ ሰው ቀለም ቀብቶታል።

ቀና ሲል ቨርና ሁለት ቡና ይዛ አጠገቡ ቆማለች። ፈገግታዋ ጆሮዋ ደርሷል።

"በስንት ጊዜህ አየኸው" አለችው።

"ምኑን?"

"ነጥቦቹን ነዋ። ለሃያኛ ዓመት ጋብቻችን እኮ ነው የሠራሁልህ። ሁለት ነጥብ ባይኖርበት እያልክ ስትቆጭ በያንዳንዱ እራት ላይ እሰማ ነበር። የዋጋ ወረቀት በምጽፍባት ቀጭን ብዕር፣ ትንፋሼን ውጬ። ከዚያ ይከፍተዋል፣ ዛሬ ይከፍተዋል፣ ነገ ይከፍተዋል ብዬ ስጠብቅ አንተ መች ትከፍታለህ? በኋላ እኔም ረሳሁት።"

ኤልውድ እሷ ላይ መጮህ ፈለገ፤ ደግሞ እጇን መሳም ፈለገ። የራስል ዓይን ከደከመ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ዝም ቢል ገንዘቡ በእጁ ነው። መጽሔቱ ጥራቱን መርምረው ደረጃ የሚሰጡት ባለሙያዎች ዘንድ ሄዶ ቀለሙ እስኪታወቅ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ሱቁ ተከፍቷል። ይህን ሁሉ አሰበው፤ ማሰቡም አሳፈረው።

"ቨርና፣ ቁጭ በይ" አላት። "ራስል ሲመጣ አንድ ነገር እነግረዋለሁ። ከሱ በፊት አንቺ ስሚው። ቀለም የነካው መጽሔት ንጹሕ አይባልም፤ የታደሰ ነው የሚባለው። ዋጋው ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል።"

ቡናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "በሁለት ነጥብ?"

"በሁለት ነጥብ።"

"እንዳሉ ቢቀሩ ይሻል ነበር?"

"በጣም።"

"ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? ቆሻሻው ከጽዳቱ የሚሻልበት?" ሳቅ ሞከራት፤ አልወጣላትም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ተቆጥተሃል።"

"አልተቆጣሁም።"

"ኤልውድ።"

"እሺ፣ ተቆጥቻለሁ። ግን በራሴም ነው። አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ ባየው ያኔውኑ ይለይለት ነበር።"

"መጋረጃውን ቆርጬዋለሁ እኮ" አለች ቀስ ብላ።

"ጨርሰሽ ስፊው። ሱቁ ይከፈታል።"

እንዴት እንደሚከፈት ግን ገና አላወቀም ነበር።

ራስል ወፍራም ፖስታ ይዞ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰ። ኤልውድ ፖስታውን እንኳ አላየውም። "ኪስህ መልሰው። ቀለም ነክቶታል" አለው፤ አጉሊ መነጽሩንም አቀበለው።

ራስል ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ሲነሳ ከፊቱ ላይ ደስታው ተጠርጎ ሄዷል። "ማን ነው የሠራው?"

"እኔ" አለች ቨርና፣ ኤልውድ አፉን ሳይከፍት።

ራስል እሷን አየ፣ መጽሔቱን አየ። "እጅሽ ግን ጥሩ ነው። እኔ እኮ ጥርት ያለ ብዬ ልከፍልበት ነበር።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማ ኤልውድ፣ ከኢንዲያናፖሊስ የመጣው ባለ ቀይ ኮፍያ ሰውዬ በአጉሊ አያይም። ልቡ ከፈቀደ ይገዛል።"

"አልሸጥለትም።"

"እንግዲያው አንድ አምስተኛውን እኔው ልስጥህ።"

"እሱንም አልፈልግም።"

ኤልውድ የጠረጴዛውን ጨርቅ ገለጠ። ከሥሩ ረጅም የካርቶን ሳጥን አለ። በየወሩ ያመጣዋል፣ በየወሩ ይዞት ይመለሳል። ውስጡ "የወደብ ልጆች" የተባለው ተከታታይ ኮሚክ ነው፤ ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳይጎድል። በልጅነቱ በማለዳ ብርድ በብስክሌት ጋዜጣ እያደለ፣ ባገኘው ክፍያ አንድ በአንድ የገዛው ነው። ራስል ሽጥልኝ ባለው ቁጥር "ስሞት ከቨርና ትገዛዋለህ" ይለው ነበር።

ሳጥኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ አወጣው። "ተንበርከክና እይ።"

ራስል ቆሞ ቀረ። "አትቀልድ።"

"በጥቁሩ ዋጋ። ከዚያ አንድ ዶላር አልቀንስም፤ አትከራከረኝ፤ ሐሳቤን ልቀይር እችላለሁ።"

"ኤልውድ፣ ይሄን አታድርግ" አለች ቨርና ክንዱን ይዛ። "እኔ ላበላሸሁት?"

"ላበላሸሽው አይደለም። ለሱቁ ነው። ሳጥን ውስጥ ሆኖ ምን ይሠራልኛል?"

ራስል ተንበርክኮ አንድ በአንድ ፈተሸ። ኤልውድ ጀርባውን ሰጥቶ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። እያንዳንዱ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፤ የትኛዋን መጽሔት የት እንደገዛት ያውቃል። ዞሮ ግን አላየም። በመጨረሻ ወፍራሙ ፖስታ ከቡናው ጎን ተቀመጠ። ራስል ሳጥኑን አቅፎ ተነሳና የኤልውድን ትከሻ መታ አደረገው።

ኤልውድ ስልኩን አወጣና ለሊንደን ጎዳናው ቤት አከራይ ደወለ። "ነገ ጠዋት ቁልፉን ይዘህ ጠብቀኝ" አለው።

ቨርና አፍንጫዋን በመሐረብ ጠርጋ ጥቁሩን መጽሔት አየችው። ካርቶኑና ላስቲኩ ከጎኑ እንደተጣሉ ናቸው። "ይሄንንስ? ወደ ቁም ሳጥኑ?"

"ሱቁ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ወንበር እናደርጋለን። እዚያ ይቀመጥ። የገባ ሰው ሁሉ አንስቶ ያንብበው።"

"በእጁ?"

"በእጁ።"

"ዶናት የበላስ?"

ለኤልውድ ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ላስቲኩን አነሳ፣ እንደ ልማዱ በመዳፉ ሊያቃናው ጀመረ፣ ከዚያ ተወው።

"የበላም" አለ፤ ላስቲኩን ጨምድዶ የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለው።