እስከ ሰኞ ቀትር

ስልኩ ሲጠራ ሀብተማርያም ለወጥ ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። እጁን በፎጣ ጠርጎ አነሳው።

«ሚስተር ሀብተማርያም? ዴቭ ነኝ። ታስታውሰኛለህ?» አለው አንድ ሰው በእንግሊዝኛ።

አስታወሰው። ዴቭ ለቤዝቦል ቡድኖች ልጆችን የሚመለምል ሰው ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ክሬሰንት ታውን ሰፈር ድረስ መጥቶ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያኔ የሀብተማርያም ልጅ ኖላዊ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሲወረውር ከአጥሩ ጀርባ የኳሱን ፍጥነት የሚለኩ ሰዎች ይሰለፉ ነበር፤ ስሙም ከካናዳ ተስፈኞች ዝርዝር ውስጥ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። የኖላዊ እናት ብርቅዬ ያን ቀን ለዴቭ ዶሮ ወጥ አቅርባለት፣ ግንባሩ በላብ እስኪርስ በልቶ «ልጃችሁን በአደራ እወስዳለሁ» ብሎ ሄደ።

ልጁ አሜሪካ ሄደ። ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው ሲዛወር ከረመና የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በመጨረሻ ቡድኑ አሰናበተው። ቤቱ ሲመለስ ብርቅዬ ከሞተች ስምንት ወር አልፏት ነበር። «ምነው ቀረህ? ምን ሆንክ?» የሚለው ሰው ስለበዛበት የስልክ ቁጥሩን ቀየረ። ይኸው ሁለት ዓመቱ፤ ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ሬክስዴል፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል።

ዴቭ ቶሎ ቶሎ ያወራል። አሁን ለሌላ ቡድን ነው የሚሠራው። ኖላዊ ጥር ላይ ሲወረውር የተቀረጸ ቪዲዮ ሰው ልኮለት አይቷል። አንድ ወርዋሪያቸው ስለተጎዳ ቦታ ተከፍቷል። የማይነር ሊግ ኮንትራት ነው፤ ዋናው ቡድን ሳይሆን ከሥሩ ካሉት ትናንሽ ቡድኖች አንዱ ውስጥ ነው የሚጫወተው። ብዙ ገንዘብ የለውም፣ ተስፋም አይሰጡትም።

«ግን በር ነው» አለ ዴቭ። «እስከ ሰኞ ቀትር መልስ ካላገኘን ሌላ ሰው እንወስዳለን። የድሮ ቁጥሩ አልሠራልኝም። ትነግርልኛለህ?»

«እነግረዋለሁ» አለ ሀብተማርያም። ቁጥሩን የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈ፤ አጥፎም ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ኖላዊ ሲመሽ ገባ። ሁለት አውቶቡስና አንድ ባቡር ተሳፍሮ ነው የሚመጣው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። አባትና ልጅ ራት በሉ። ሀብተማርያም አሁን እነግረዋለሁ፣ ውሃ ሲጠጣ እነግረዋለሁ እያለ ቆየ። ልጁ ሳህኖቹን አጥቦ «ደክሞኛል አባዬ፣ ልተኛ» ብሎ ሄደ። ነገ ይደርሳል አለ ሀብተማርያም ለራሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ኖላዊ ራሱ ወሬ አመጣ።

«ሱፐርቫይዘር ሊያደርጉኝ ነው መሰለኝ» አለ። «ሺፍቱ ጥሩ ነው፣ ቤኔፊት አለው፣ ሕክምናዬን ይከፍላሉ። ልቀበል?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«አይ ዶንት ኖው። ኳሱን ማቆም አለብኝ መሰለኝ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው።»

ሀብተማርያም ልቡ ሲረጋጋ ተሰማው፤ ወዲያውም አፈረ። እጁ ወደ ኪሱ ሄዶ ወረቀቱን ከሸሚዙ ላይ ነካውና ተመለሰ። «መልካም ሥራ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ቀላል ሆነለት፤ ያስደነገጠውም ይኸው ነበር።

እሁድ ረፋድ ላይ ሽሮና በርበሬ ሊገዛ ወደ ዳንፎርዝ ጎዳና ወረደ። ሱቁ የሙሉእመቤት ነው፤ ብርቅዬ በሕይወት ሳለች ወዳጇ ነበረች። ሙሉእመቤት ዕቃውን ስትመዝን አንገቷን ደፍታ «ልጄ ኤድመንተን ከሄደ ጀምሮ በወር አንዴ ነው የሚደውለው» አለች። «እርስዎ ታድለዋል፣ ጋሽ ሀብቴ። ልጅዎ በፈቃዱ እርስዎ ጋ ተቀምጧል።»

ሀብተማርያም ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። በፈቃዱ የምትለዋ ቃል እቤት ድረስ ተከተለችው።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም እንደ ሌላው እሁድ ለልምምድ ሄዱ። በኪራይ የሚሰጥ ቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ጫፉ ላይ መረብ ተወጥሯል። ኖላዊ ወደ መረቡ ይወረውራል፣ ሀብተማርያም የወደቁትን ኳሶች በባልዲ ይለቅማል። የጨዋታው ሕግ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባውም። ልጁን ግን ያያል። መጋዘን ውለው የሚመጡት ትከሻዎች እዚህ ሲደርሱ ይቃናሉ፤ ቤት ውስጥ ጎንበስ የሚለው ልጅ እዚህ ረጅም ነው። የዛሬው ኳስ ደግሞ መረቡን ሲመታ ድምፁ ሌላ ነበር፤ ከጎናቸው የሚለማመዱ ልጆች ዘወር ብለው አዩ።

«ሰማኸው?» አለ ኖላዊ እየሳቀ። «ክርኔ ምንም አይለኝም። ምንም!» ከዚያ ሳቁ ጠፋና «በቃ አሁን ሲሻለው ምን ዋጋ አለው» ብሎ ቦርሳውን ዘጋ።

ሀብተማርያም ያን ጊዜም አልተናገረም። ባቡር ውስጥ ልጁ ትከሻው ላይ ጋደም ብሎ ሲያንቀላፋ ደግሞ ጭራሽ አልቻለም።

ሰኞ የኖላዊ ሺፍት ከሰዓት ነበር። ለአምስት ሰዓት ሩብ ሲቀረው ካፖርቱን ለብሶ ቁልፉን ሲፈልግ፣ ሀብተማርያም ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ዴቭ ደውሎ ነበር። ቡድን አለ፤ ሊያስፈርሙህ ይፈልጋሉ። እስከ ቀትር ድረስ ነው የሚጠብቁህ።»

ኖላዊ ወረቀቱን አነሳ። «መቼ ነው የደወለው?»

«ዓርብ።»

«ዓርብ? አባዬ፣ ዛሬ ሰኞ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ረስተህ ነው?»

አዎ ማለት ይችል ነበር። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ረሳሁ ቢል ልጁ ያምነዋል።

«አልረሳሁም» አለ። «ብቻዬን መብላት ፈርቼ ነው።»

ኖላዊ ለአፍታ አየው። ከዚያ ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣና በሩን ዘጋው። ሀብተማርያም ቆሞ ጠበቀ። በበሩ በኩል የልጁ ድምፅ ይሰማዋል፣ ቃሉ ግን አይለይም። እንዳያልፈው ብሎ ጸለየ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ለልጁ ብሎ የጸለየው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ኖላዊ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «እሺ ብለውኛል። ረቡዕ ፍሎሪዳ መድረስ አለብኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አታናግረኝ፣ ፕሊስ» አለ ልጁ። ጮኾ አልነበረም፤ በቀስታ ነው ያለው።

ሁለት ቀን ሙሉ የተነጋገሩት ስለ ሻንጣና ስለ ፓስፖርት ብቻ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሀብተማርያም ኤርፖርት ልሸኝህ ብሎ ካፖርቱን ሲያነሳ ኖላዊ «ብቻዬን እሄዳለሁ» አለ። ጉንጩን ሳመውና ወረደ። ሀብተማርያም በመስኮቱ ቢጠብቅም ከዚያ ከፍታ ወደ ባቡር ጣቢያው ከሚሄዱት ሰዎች መሃል የትኛው ልጁ እንደሆነ መለየት አልቻለም።

ወር አለፈ። ኖላዊ መድረሱን በአንድ መስመር ጽፎ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሀብተማርያም ራት ሲያቀርብ ሬዲዮ ይከፍታል። አንድ ቀን ግን መቻል አቃተውና ሱቅ ሄዶ ያደረገውን ሁሉ ለሙሉእመቤት ነገራት። አልፈረደችበትም። ስልኩን ተቀብላ በኖላዊ ስም ፈልጋ የቡድኑ ጨዋታ በቀጥታ የሚሰማበትን አወጣችለትና «እዚህች ጋ ይጫኑ» ብላ አሳየችው።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ተጫነ። አስተላላፊው የሚለው አብዛኛው አልገባውም። ድንገት ግን «ሃብቴሜሪየም» ሲል ሰማ። ልጁ ገብቷል፤ ማሊያው ጀርባ ላይ የተጻፈው የእሱ የራሱ ስም ነው። ሀብተማርያም ሳያስበው ተነሥቶ ቆመ። የመጀመሪያው መቺ ክፉኛ መታበት፣ ሕዝቡ ጮኸ። ቀጥሎ ሁለቱ ኳሱን ሳይነኩት ወጡ፤ አራተኛው ወደ ሰማይ ልኮት ተያዘበት። በቃ፣ ያ ብቻ ነበር። ሌላ ወርዋሪ ገባ።

እሁድ ስልኩ ጠራ።

«አባዬ።»

«ልጄ! ሰማሁህ እኮ፣ ማክሰኞ ዕለት።»

«እንዴት ሰማኸኝ?» አለ ኖላዊ፤ መልሱን ግን አልጠበቀም። «እስካሁን ተናድጄብሃለሁ።»

«ሐቅህ ነው። አጥፍቻለሁ።»

ከዚያ ልጁ ስለ ቦታው አወራ። ከተማው አንድ መንገድ ብቻ ነው። አብሮት የሚያድረው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ስፓኒሽ እንጂ ሌላ አያውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ይሳሳቃሉ እንጂ አይነጋገሩም። እስከ መቼ እንደሚያቆዩት የሚያውቅ የለም። ነገም ሊያሰናብቱት ይችላሉ።

«ትመጣለህ ማለት ነው?» ሊል ነበር ሀብተማርያም። ዋጠው።

«ክርንህስ?»

«ደህና ነው።» ቀጥሎ «እዚህ እሁድ እሁድ በጣም ከባድ ነው፣ አባዬ» አለ።

«እዚህም» አለ ሀብተማርያም።

በወዲያ በኩል ቴሌቪዥን ይሰማል፤ በዚህ በኩል ደግሞ ባቡሩ ሲያልፍ። ማንኛቸውም ስልኩን አልዘጉትም።