የ«ጠባብ ሱሪ» ምረቃ

ሚሳኤል የስልሳዎቹ ዘመን ሲነሳ ልቡ የሚቀልጥ ሰው ነው። ያኔ ገና አልተወለደም፤ ሲያወራው ግን የኖረበት ይመስላል። መካኒሳ፣ አባቱ ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ክፍል ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዲያፍንለት የእንቁላል ካርቶን ለጥፎ፣ አሮጌ ኦርጋን ከየትም ፈልጎ አምጥቶ፣ ያለ አሳታሚና ያለ ስፖንሰር፣ ዘፋኝ እያመጣ ሙዚቃ ሲቀርጽ ሁለት ዓመት ከረመ። በመጨረሻ ዘፈኖቹ አለቁ። አልበሙንም «ጠባብ ሱሪ» አለው።

ሽፋኑ ላይ ያወጣው የአባቱን የጋሽ መኩሪያን ፎቶ ነው። ጋሽ መኩሪያ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በጉብዝናቸው ወራት ራሳቸው የሰፉትን ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ አፍሯቸውን አበጥረው፣ ፎቶ ቤት ገብተው የተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ሚሳኤል ፎቶውን ከሳጥን ሲያወጣ አላስፈቀደም፤ ሱፉንም ከቁም ሳጥን ሲያወርድ አላስፈቀደም። እሳቸው ከታመሙ ወዲህ ከአልጋ ብዙም አይወርዱም። እሱ ደግሞ ሥራ በዝቶበት ወደ ክፍላቸው የሚዘልቀው ምግብ ለማድረስ ብቻ ነበር። ዘፈኖቹን እንኳ አላሰማቸውም። «ሲያልቅ» ይል ነበር፤ ሲያልቅም ረሳው።

ምረቃው ለቅዳሜ ተቆረጠ። እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ሊያደርገው አሰበና ድንኳን ፍለጋ የእድሩ ንብረት ጠባቂ ጋሽ ጉተማ ዘንድ ሄደ።

«ነጩን ውሰድ፤ ለሠርግ የምናወጣውን» አሉት።

«አይ፣ እኔ የምፈልገው ያንን አሮጌውን ሸራ ነው። ሙዱ የድሮ እንዲሆን።»

«ልጄ፣ እሱ እኮ የልቅሶ ነው።»

«ጋሽ ጉተማ ደግሞ! ድንኳን ያው ድንኳን ነው።»

ጋሽ ጉተማ ልጅ ያቦካው ለራት እንደማይበቃ ያውቃሉ። ግን የመኩሪያን ልጅ ማስቀየም አልፈለጉምና ሰጡት።

እንግዲህ አስቡት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አባወራው ታሞ በከረመበት ግቢ፣ የእድሩ የልቅሶ ድንኳን ተተከለ። የአባወራው የወጣትነት ፎቶ በትልቁ ታትሞ በሩ ላይ ተሰቀለ። ልጁ የአባቱን ጥቁር ሱፍ ለብሶ ወንበር ይደረድራል። አላፊ አግዳሚው ሌላ ምን ይበል? ከፎቶው ሥር የአልበሙ ስም ተጽፏል፤ ግን የትኛው ለቀስተኛ ነው በር ላይ ቆሞ ጽሑፍ የሚያነበው?

አንዷ ጎረቤት ፉሪ ለምትኖረው ለአክስቱ ለአፀደ ደወለች። መርዶ በስልክ አይነገርምና «ወንድምሽን ትንሽ ጠንቶበታል፤ ቶሎ ነይ» ብቻ አለቻት። የዚያን «ትንሽ» ትርጉም የማያውቅ የለም።

ሚሳኤል ድምፅ ማጉያውን ሲፈትሽ ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ አየ። ምረቃው ከሰዓት ነው፤ ምን አስቸኮላቸው እያለ ሲገረም፣ አፀደ በሩ ላይ የወንድሟን ፎቶ አይታ ኡኡ አለች። ደረቷን እየደቃች ገባች።

«መቀሱ ደነዘ፣ መኪናው ዝም አለ፤
ሰፈር ያለበሰው ተገንዞ ዋለ።»

ግቢው በአንድ አፍ አለቀሰ። ሚሳኤል ነገሩ የገባው ያኔ ነው። «አልሞተም!» ሊል አፉን ከፈተ። እውነቱን ለመናገር ከፍቶ ነበር። ግን ያ ድምፅ! ሻካራ፣ መጨረሻው ላይ ስብር የሚል፣ ምንም ያልተቀባባ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘፋኝ ሲያለዋውጥ ያጣው ድምፅ። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ስልኩን አወጣ፤ መቅረጫውን ከፈተና ወደ አክስቱ ጠጋ አለ። የአባቱ ስም እየተጠራ ሲለቀስ፣ እሱ ነፋሱ ቅጂውን እንዳያበላሽበት ስልኩን በመዳፉ ይከልል ነበር።

ቀና ሲል ጋሽ መኩሪያ በመኝታ ቤታቸው መስኮት ቆመዋል። የሚያዩት አልቃሿን አልነበረም፤ ለቀስተኛውንም አልነበረም። የሚያዩት እሱን ነው፤ እሱንና ስልኩን።

ሚሳኤል በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አልሞተም! እትዬ፣ አባዬ ደህና ነው!» ብሎ ጮኸ፤ በስንት ጊዜው።

ጋሽ መኩሪያ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ። አፀደ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ግማሹ ሰው አማተበ፤ ግማሹ እያለቀሰ ሳቀ። ጋሽ ጉተማ ሸራውን በገዛ እጃቸው ይነቅሉ ጀመር።

ምረቃው ቀረ። ለተጠሩት ሁሉ ደውሎ ሲያበቃ ወደ አባቱ ክፍል ገባና አልጋው አጠገብ ቆመ። አባቱ ትራሳቸውን ተደግፈዋል።

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ። አጠፋዋለሁ፤ ይኸው፣ እያየኸኝ» አለና ስልኩን አወጣ።

«ቆይ። ደህና ወጥቷል?»

«ምኑ?»

«የአፀደ ድምፅ ነዋ። አንተ ታውቃለህ፤ ደህና ተቀርጿል ወይ?»

ሚሳኤል ወለል ወለሉን እያየ «አዎ» አለ።

«እንግዲያው አታጥፋው። እሷ ድሮም ድምፅ አላት። ለሥራህ ከሆነህ ውሰደው።»

አሽሙር ቢሆን ይችለው ነበር። አባቱ ግን የምራቸውን ነው፤ የገዛ ሙሿቸውን ለልጃቸው እየሰጡት ነበር። እጃቸውን ዘርግተው የታጠፈች የኮቱን ኮሌታ አቃኑለት።

«የዛሬው ይሁንልህ» አሉት። «የእውነቱ ቀን ግን፣ ልጄ፣ ስልክህን ለሌላ ሰው ስጥና አልቅስልኝ።»