ማብሪያው ሲጠፋ የምትሞተው ሶኬት

እስቲ መልሱ፤ አፉ ለተለጎመ በቅሎ ገብስ ቢቆልሉለት ይጠግባል?

የጀልባ ባለንብረቶች ማኅበር ይጠግባል ብሎ ደንብ አወጣ። ጀልባ ሲቆም ዋናው ማብሪያ ይጥፋ፤ የፀሐይ ኃይል መሙያው መሪው አጠገብ ባለችው ትንሽ ሶኬት ይሰካ፤ ባትሪው በቆመበት ይሞላል። ደንቡን ያረቀቀው ሊቀመንበሩ የአንዲት ጀልባ ነጂ ታላቅ ወንድም ነው። እሷም ቃሉን አክብራ ታጠፋለች፣ ትሰካለች፤ የመሙያው አረንጓዴ መብራት ቦግ ሲል ልቧ አርፎ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። መብራቱ የሚነግራት ግን ፀሐይ መውጣቷን ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ተሳፋሪ ጭና ውሃው መሀል ስትደርስ የውሃ ሣር የሞተሩ መዘውር ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩን አጥፍታ ሣሩን ነቀለች። ቁልፉን ብታዞር ጸጥ፤ ባትሪው የቀረችውን ኃይል ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳ ጨርሷል። በሌላ ጀልባ ተጎትታ ወጣች።

ወንድሟ ወደቡ ላይ ጠበቃት። «ባትሪ ሳታስሞዪ ሰው ትጭኛለሽ?»

«ኧረ ወንድም ጋሼ፣ አረንጓዴው በርቶ ነበር!»

«አረንጓዴማ መስቀለኛ መንገድ ላይም ይበራል!»

ሰው ሳቀ። ጀልባዋ ታገደች፤ ነጂዋን ከማኅበሩ የመሰረዙ ጉዳይ ለጠቅላላ ጉባኤው ተቀጠረ።

በንዴት ጀልባዋን ልታጥብ ገብታ የውሃ መምጠጫውን ለማስነሳት ማብሪያውን ከፈተች። መምጠጫው አንዴ አጉረምርሞ ዝም አለ። መሙያውን እንደ ልማዷ ሰካች፤ ማብሪያውን ግን ማጥፋት ረስታ ሄደች። ሰንብታ ብትመለስ ሞተሩ በአንድ ንክኪ ተነሳ። ግራ ገብቷት ባለገመድ የእጅ መብራት ሶኬቷ ላይ ሰካች። ማብሪያውን ስታጠፋ ጨለመ፤ ስትከፍት በራ። ለካ ሶኬቷ የተቀጠለችው ከማብሪያው ወዲያ ነው፤ ማብሪያው ከጠፋ ወደ ባትሪው የሚወስድ መንገድ የለም።

ሮጣ ወንድሟ ቤት ገብታ ያየችውን ነገረችው።

«እኔም ደርሼበታለሁ» አላት በሩን እየዘጋ። «ግን ደንቤ ስህተት ነው ካልኩ ነገ ማን ይሰማኛል? ለጊዜው ቻይው እህቴ። ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ።»

«እስከዚያ እኔ ምን ልብላ? ያንተን ክብር?»



በጉባኤው የስረዛውን ውሳኔ ራሱ አነበበ። ነጂዋ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች።

«ክቡር ሊቀመንበር!» አለች፤ ያን ቀን ወንድም ጋሼ አላለችውም። «ማብሪያው ሲጠፋ ሶኬቷ እንደምትሞት ያውቃሉ ወይስ አያውቁም? በር ዘግተው ለእኔ ሳይሆን፣ እዚሁ ሁሉም እየሰማ ይመልሱ!»