የጭስ ካሳ

እጅጋየሁ «ዛፎቹን ጦርነቱ ፈጃቸው» እያለች ነው አሉ። ውሸቷን ነው። ካርቱም ላይ የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ ከደረቁ ዓመት አልፏቸው ነበር። ማን አደረቃቸው ብትሉኝ እሷ ናት፤ ማን ዝም ብሎ አየ ብትሉኝ ደግሞ እኔ ማሩ ነኝ።

እጅጋየሁ አበልጄ ናት። ልጄን ሜላትን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት፤ ሚስቴ ከሞተች በኋላም ፀጉሯን እየጎነጎነች ያሳደገቻት እሷው ናት። ሜላት አድጋ ለትምህርት ኖርዌይ ሄደች፤ እዚያም የዓለም ሙቀት ነገር ገባትና አውሮፕላን ሁለተኛ አልሳፈርም ብላ ማለች። አራት ዓመት ሙሉ አላየኋትም። ብለምናትም «አባባ፣ ጭሱ ሃራም ነው ወላሂ» ትለኛለች፤ የካርቱም ልጅ ናትና አማርኛዋ እንዲህ ነው።

እጅጋየሁ አዲስ ሥራ ይዛልኝ የመጣችው በዚህ መሃል ነበር። አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ትኬት ሲቆርጥ ትንሽ ጨምሮ ይከፍላል፤ በዚያ ገንዘብ ዛፍ ይተከላል፤ ዛፉም እያደገ አውሮፕላኑ የለቀቀውን ያህል ጭስ ከአየሩ ይስባል። «የጭስ ካሳ በለው» አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። ያጠፋ እንደሚክስ ለእኔ ማን ያስተምረኛል?

በክረምቱ ዝናብ ከጀብራ ሰፈር ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ አራት ሺህ የኒም ችግኝ ተከልን። በእያንዳንዱ ላይ የከፋዩ ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ አንጠለጠልን። ሦስት ዓመት ሙሉ በታንከር ውሃ እንደሚጠጡ በኪዳነምሕረት ማለችልኝ። ወረቀት አልተፈራረምንም፤ ከአበልጅ ጋር ወረቀት መፈራረም ነውር ነው። ባልዲ አስይዛ በስልኳ ቀረጸችኝ፣ እኔም «ማሩ እባላለሁ፣ እነዚህን ዛፎች እንደ ልጆቼ አሳድጋቸዋለሁ» አልኩ። ሜላት ያንን ቪዲዮ ኖርዌይ ሆና አየችው። ደውላ አለቀሰች። «አንተ ካጠጣሃቸው እመጣለሁ» አለችኝ፤ «ለፋሲካ፣ ኢንሻአላህ።»

የካቲት ሲያልቅ ታንከሩ ቀረ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁና ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወዳለው ቢሮዋ ሄድኩ።

«አበልጄ፣ ችግኞቹ ሊሞቱ ነው» አልኳት።

«ኻላስ፣ ታንከሩ አይመጣም። የተከፈለን ለመትከል ነው። ተክለናል፣ ፎቶም ተነስተዋል።»

«ኪዳነምሕረትን ጠርተሽ አልነበር እንዴ?»

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «መንገድ ዳር ያሉትን ሠላሳዎቹን በባልዲ አጠጣ። አዲስ ከፋይ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮውን እየቀየርክ ፎቶ ታነሳቸዋለህ። ደመወዝህ አይነካም» አለችኝ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ከቢሮዋ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የሸጠችው ዛፉን ብቻ አልነበረም፤ ፊቴንም ሸጣዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን አንቄ እይዘው ነበር። አበልጅ ግን አይታነቅም፣ አይከሰስም። በማግስቱ ባልዲዬን አንስቼ ሠላሳውን ዛፍ አጠጣሁ።

ሜላት የትንሣኤ ሰሞን መጣች። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ «ያላ፣ ዛፌን አሳየኝ» አለች። እጅጋየሁ ቀድማ ቁጥሯን መንገድ ዳር ካሉት በአንዱ ላይ አስራላት ኖሯል። በሪክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ ሄድን። ልጄ ቁጥሯን ከስልኳ ጋር አመሳከረችና ቅጠሉን እየዳሰሰች ሳቀች። በሕፃንነቷ እንዲህ ነበር የምትስቀው።

«እንዲህ ከሆነማ በየዓመቱ እመጣለሁ» አለችኝ።

ልነግራት ይገባ ነበር። በየዓመቱ ስትል ግን ተውኩት።

«ሌሎቹስ? አራት ሺህ አላልክም?»

«ወዲያ ናቸው። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ሌላ ቀን እናያቸዋለን።»

አልሰማችኝም። ዛፎቹን አልፋ ወደ ሜዳው ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ሜዳው ሙሉ የደረቀ እንጨት ነበር። አንዱን ስትነካው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«መቼ ነው የሞቱት?»

«መጋቢት ላይ። እጅጋየሁ ታንከሩን አስቀረች። ከዳችኝ፣ ልጄ፤ በኪዳነምሕረት ምላልኝ...»

«እኔ ትኬት የቆረጥኩት ሚያዝያ መጀመሪያ ነው» አለች። «ከዚያ በፊት ታውቅ ነበር ማለት ነው፣ ያዕኒ።»

«ብነግርሽ አትመጪማ» አልኳት።

እጅጋየሁን አልሰደበችም፤ ስሟንም አላነሳችም። እኔን ብቻ ነበር የምታየው። «ቪዲዮው ላይ ያየሁት እሷን አይደለም፣ አባባ» አለችኝ።

ዴም፣ ሰፈራችን፣ እስክንደርስ ሪክሻው ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን። ስንወርድ ሂሳቡን ከፈለችና መንገዱ መሃል ቆመች።

«መመለሻው ተቆርጧል፤ እሄዳለሁ» አለች። «ሁለተኛ ግን አልመጣም።»

ቃሏን የምትጠብቅ ልጅ ናት።