ራዲዮ ድምጿ የጠፋበት ሐሙስ

ቤተ ሙከራው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ራዲዮ» ነው የሚላት። ሃያ ዓመት ሙሉ አይጥ ስትንከባከብ አፏ ገጥሞ አያውቅም። ሥራዋ ግን ወሬ የሚፈልግ አልነበረም፤ መድኃኒት የተወጋችውን አይጥ መስታወት ሣጥን ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ መለኪያው የሚያሳየውን የትንፋሽ ቁጥር በየአምስት ደቂቃው መዝገብ ላይ ማስፈር ነው።

«አንቺ ደግሞ ምን ያንቀላፋሻል? እኔ እያወራሁ?» እያለች መስታወቱን በጣቷ ቆርቆር ታደርገዋለች። «እና እንዳልኩሽ፣ ይኼ ባሌ ትናንት...»

መድኃኒቱ ከአንድ ዛፍ ቅጠል የወጣ ነው። እንደ ሞርፊን ሕመምን ድራሹን ያጠፋል። ሞርፊን ግን ክፉ ዐመል አለው፤ ሲበዛ አንጎልን መተንፈስ ያስረሳዋል፤ ሰውም እንደተኛ ይቀራል። የቅጠሉ መድኃኒት በራዲዮ መዝገብ ሲታይ ትንፋሽን ንክች አላደረገም። አለቃዋ ዶክተሩ በደስታ የሚሆኑትን አጡ።

ቀጥሎ ሰው ላይ መሞከር ነበር። የመጀመሪያው ፈቃደኛ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የራዲዮ ባል! ሰውዬው ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ወገቡ ካስቸገረው ሦስት ዓመት አልፎታል። ሰኞ ተወግቶ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ብቻውን እንደሚተኛ ሲነገረው ወረቀቱን ሳያነብ ፈረመ። «ጸጥ ያለ ነው ያላችሁኝ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ከመጠየቁ በቀር ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

ሐሙስ ጠዋት ራዲዮ ስትነቃ ጉንፋን ጉሮሮዋን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። አፏን ብትከፍት ከአየር በቀር የወጣ ነገር የለም። ባሏ ጉርሻውን ይዞ ትክ ብሎ አያት።

«ተመስገን!» አለ። ወዲያው አፈረና «ማለቴ... እግዜር ይማርሽ» አለ።

በዐይኗ ሰደበችው። ለስድብ የቀራት ዐይኗ ብቻ ነበር።

ሥራ ገብታ ቁጥር ሰባት የተባለችውን አይጥ ወግታ ሣጥኑ ውስጥ አስገባቻት። ያለ ወሬ መስታወት መቆርቆር ምን ያደርጋል ብላ እጇን አጣጥፋ ቁጭ አለች። መለኪያው መቶ ስልሳ አለ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መቶ አሥር። ከዚያ ሰባ። አርባ ሲል የአይጧ አፍንጫ ወደ ሰማያዊ ሄደ።

ራዲዮ ልትጮህ ሞከረች፤ «ህህህ» ብቻ ሆነ። ደንግጣ መስታወቱን በጥፊ አለችው። አይጧ ብንን አለች፤ ቁጥሩም መቶ ሃያ ገባ። ስትተዋት ወረደ፤ ስትመታ ወጣ።

ያኔ ገባት። ይኼን ሁሉ ወር አይጦቹ መተንፈስ በረሱ ቁጥር ስታስታውሳቸው የኖረችው እሷ ናት። መዝገቡ ላይ ወሬ የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ ማንም አላወቀም። ወዲያው ሰኞ ትዝ አላት። ባሏ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ብቻውን። ክው አለች።

ሣጥኑን ታቅፋ፣ በቀለበቷ እየቆረቆረች፣ ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጣ ዶክተሩ ቢሮ ገባች።

«ምነው? ምን ሆነሻል? ተናገሪ እንጂ!» አሉ።

ሃያ ዓመት ሙሉ «ዝም በይ» ስትባል ኖራ፣ ተናገሪ ተብላ የተለመነችው ዛሬ! እስክሪብቷቸውን ነጥቃ በነጩ ጋዋናቸው እጅጌ ላይ ጻፈች፦ «ዝም ስል ይሞታሉ።»

ዶክተሩ እጅጌያቸውን አነበቡ፤ ቁጥሩ ሲወርድም በዐይናቸው አዩ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ፈጥነው አይጧን የመድኃኒቱን ማርከሻ ወጓት፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቁጥር ሰባት ተነሥታ ጢሟን ታበጥር ጀመር። ከዚያ የራዲዮ ባል የፈረመውን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተው ለሁለት ቀደዱት።

«ሰኞ ሙከራ የለም» አሉ። «ሁሉንም እንደገና እንጀምራለን። አንቺ ግን አይጦቹን በወሬ እንዳትቀሰቅሺብን ከመዝገብ ክፍሉ ንቅንቅ እንዳትይ።»

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ባሏ ሱቅ ሄደች። የሆነውን ሁሉ የጻፈችበትን ወረቀት ሰጠችው። ባል ማጉያውን ዐይኑ ላይ እንዳደረገ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እንደተኛሁ እቀር ነበር?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

ወገቡን ይዞ ተነሣና ውሃ አሙቆ፣ ማር በጥብጦ ሰጣት። ስትጠጣ ከጉሮሮዋ የሆነች ቀጭን ድምፅ ሾለከች። አልሰማትም፤ ሱቁ በሰዓት ድምፅ ተሞልቷል። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሰዓቶች አንድ በአንድ እየዞረ አቆማቸው፤ ለደንበኛ ሊመልሰው ያሰበውን እንኳ አልማረውም። ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ጆሮውን አስጠጋ።

«እሺ፣ ምን አልሽ?»

«እንዳልኩህ» አለች ራዲዮ በሹክሹክታ፣ «ያቺ ጎረቤታችን...»

«እ፣ ከዚያስ?» አላት።